ሱፐርኦክሳይድ የማስታወስ ችሎታን ይጎዳል ወይስ ያግዛል?

የባዮኬሚስትሪ ተማሪ፦
በክፍል የተማርነው ከኦክስጅን የሚፈጠሩ ንቁ ሞለኪውሎች፣ በተለይ ሱፐርኦክሳይድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ፕሮቲንንና ዲኤንኤን እንደሚያበላሹ፣ አንጎልንም እንደሚያስረጁ ነው። ሰሞኑን ግን እነርሱ ከሌሉ አንጎል የተማረውን በአግባቡ እንደማይዝ የሚገልጽ ጽሑፍ አነበብኩ። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ለማስታወስ ይረዳል እየተባለ የሚሸጠው የቫይታሚን ኢ እንክብልስ ምን ይሠራል?

የነርቭ ሳይንስ መምህር፦
ያነበቡት ትክክል ነው። ብሊስና ሎሞ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. በጥንቸል ሂፖካምፐስ (ለማስታወስ ወሳኝ በሆነው የአንጎል ክፍል) ላይ እንዳሳዩት፣ አንድ ሲናፕስ፣ ማለትም ሁለት የነርቭ ሕዋሳት የሚገናኙበት ቦታ፣ በፍጥነትና በተደጋጋሚ ሲቀሰቀስ ግንኙነቱ ለሰዓታት ተጠናክሮ ይቆያል። በብዙ ሲናፕሶች ይህ የሚሆነው የኤን.ኤም.ዲ.ኤ. ተቀባይ (በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ፣ መልእክት ሲደርሰው የሚከፈት በር) ተከፍቶ ካልሲየም ወደ ሕዋሱ ሲገባ ሲሆን፣ ካልሲየሙ ከሚያስነሣቸው ነገሮች አንዱ ኤን.ኤ.ዲ.ፒ.ኤች. ኦክሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ባክቴሪያ የሚገድሉበት ያው ኤንዛይም መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከእርሱ የሚወጣው ሱፐርኦክሳይድና ከሱፐርኦክሳይድ የሚገኘው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በፕሮቲኖች ላይ ያለውን የሲስቴይን (የአንድ አሚኖ አሲድ) ሰልፈር ይለውጣሉ። በዚህም በፕሮቲኖች ላይ ፎስፌት በማሰር ምልክቱን የሚያስተላልፉት እንደ ፕሮቲን ካይኔዝ ሲ ያሉ ኤንዛይሞች ይነቃሉ፤ ፎስፌቱን የሚነቅሉት ደግሞ ይዳከማሉ፤ ስለዚህ የማጠናከሪያው ምልክት ቶሎ አይሰረዝም። የነርቭ ሳይንቲስቱ የኤሪክ ክላን ቤተ ሙከራ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በሂፖካምፐስ ቁራጭ ላይ ሱፐርኦክሳይድን የሚያስወግድ ንጥረ ነገር ሲጨምር ይህ መጠናከር ታግዷል።

ሐኪም፦
ከሕክምናው በኩል አንድ ነገር ልጨምር። ኤን.ኤ.ዲ.ፒ.ኤች. ኦክሲዴዝ በዘር ምክንያት የማይሠራላቸው ሰዎች ክሮኒክ ግራኑሎማተስ በሚባል በሽታ ይያዛሉ፤ ዋና ችግራቸውም ተደጋጋሚ ኢንፌክሽን ነው። ኤንዛይሙ የጎደላቸው አይጦች በማስታወስ ፈተና መጠነኛ ጉድለት አሳይተዋል፤ በአንዳንድ ታማሚዎችም የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ሆኖም ከልጅነት ጀምሮ በሕመምና በሆስፒታል ውስጥ ማለፍ ብቻውን ትምህርትን ስለሚያደናቅፍ፣ የሰዎቹን ውጤት እንደ ማረጋገጫ ባልወስደው እመርጣለሁ።

የባዮኬሚስትሪ ተማሪ፦
አመሰግናለሁ። እንግዲያው ልዩነቱ የመጠን ብቻ ነው ማለት ነው?

የነርቭ ሳይንስ መምህር፦
መጠን ብቻ አይደለም፤ ቦታው፣ ጊዜውና ዕድሜም ይቆጠራሉ። ሱፐርኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ሙል ስላለው ሽፋንን በቀላሉ አያልፍም፤ ስለዚህ በተቀባዩ አጠገብ ለአፍታ የሚፈጠረው ምልክት ሲሆን፣ ከተዳከመ ማይቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል አመንጪ ክፍል) ሳያቋርጥ የሚፈሰው ግን ጉዳት ነው። የዕድሜውን ነገር በደንብ የሚያሳዩት፣ ከሕዋስ ውጭ ሱፐርኦክሳይድን የሚያስወግደውን ኤንዛይም በብዛት እንዲያመርቱ የተደረጉት አይጦች ናቸው። በወጣትነታቸው የሲናፕሳቸው መጠናከርና የማስታወስ ችሎታቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ ነበር፤ ሲያረጁ ግን ከሌሎቹ አረጋውያን አይጦች የተሻሉ ሆነው ተገኙ።

ስለ እንክብሉ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት መለስተኛ የማስታወስ ችግር ያለባቸውን 769 ሰዎች ለ3 ዓመት ተከታትሏል። በቀን 2000 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱት ሰዎች ወደ አልዛይመር የመሸጋገር ዕድላቸው ባዶ እንክብል ከወሰዱት አልተለየም። በእኔ ግምት ይህ ብዙ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ቫይታሚን ኢ በስብ ሽፋን ውስጥ ተቀምጦ የስብን መበላሸት የሚገታ እንጂ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚያስወግድ አይደለም።