ለድቡልቡሏ ወፍ ምን እንበላት? «ታሳሳለች»፣ «ታሳዝናለች»፣ «አንጀት ትበላለች»

ጥያቄ፦
ሰላም ለቤቱ። ሰሞኑን አንድ ቃል አጥቼ ተቸግሬያለሁ። ሆካይዶ በሚባለው የጃፓን ሰሜናዊ ደሴት የምትኖር አንዲት የዱር ወፍ አለች። ሺማኤናጋ ይሏታል። ፊቷ ነጭ፣ ዓይኖቿ ሁለት ጥቁር ነጥቦች፣ ምንቃሯ ኢምንት። በበረዶ ወራት ላባዋን ነፍታ ቅርንጫፍ ላይ ስትቀመጥ የጥጥ ኳስ ትመስላለች። ፎቶዋን ለእህቴ ላኩላትና «ኪዩት!» ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ቆጨኝ። በአማርኛ ምን ልበል? «ቆንጆ» አልሆነልኝም፤ ነብርም ቆንጆ ነው። «ትንሽ» ደግሞ መጠኗን ተናገረ እንጂ እኔ ሳያት የሆንኩትን አልተናገረልኝም።

መልስ፦
ድንቡሽቡሽ በያት እህቴ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

መልስ፦
ድንቡሽቡሽ የምወደው ቃል ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን አይገባም። ድንቡሽቡሽ የሥጋ ቃል ነው። የሕፃን ጉንጭ ድንቡሽቡሽ ነው፤ ሲነኩት ሰርጎድ ይልና መልሶ ይሞላል። ይቺ ወፍ ግን ሥጋ የላትም። ክብደቷ 8 ግራም ገደማ ነው። ክብ ያደረጋት በላባዋ መሃል የያዘችው አየር ነው። እንደ ኳስ የከበበ አካል ለብርድ የሚያጋልጠው ገላ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አያመልጠውም። ስለዚህ የእሷ ቃል «ድቡልቡል» ነው። ድቡልቡል ቅርጽን ብቻ ይናገራል። ውስጡ ሥጋም ይሁን አየር አይጠይቅም።

ድንቡሽቡሽን ለዶርማውስ እናቆይለት። አውሮፓ ውስጥ የሚገኝ፣ አይጥ የሚመስል ትንሽ እንስሳ ነው። የብርዱን ወራት ተኝቶ ነው የሚያሳልፈው። ከመተኛቱ በፊት ይበላል፣ ይበላል፣ ክብደቱ እስከ እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እሱ እውነትም ድንቡሽቡሽ ነው።

ሁለቱን ቃላት ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው እስቲ። ድቡል-ቡል። ድንቡሽ-ቡሽ። ከንፈር ሁለቴ ይገጥማል፣ ሁለቴ ይከፈታል። ክብነቱ አፍ ውስጥ ይሰማል። እኔ እነዚህን ቃላት የምወዳቸው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አንቺ የጠየቅሽው የወፏን ቅርጽ ሳይሆን ያንቺን ስሜት ነው። አማርኛ ለዚህ ግሩም ግስ አለው፦ «ያሳሳል»። ሳሳ ከሚለው ነው። እናት ለልጇ ትሳሳለች። ሰው ለሚወደው ነገር ይሳሳል፤ እንዳያልቅበት፣ እንዳይጎዳበት፣ ሌላው እንዳይነካበት። «የኔ ስስት» ብለን የምንጠራው ሰውም አለ። ስስት በሌላ ቦታ ነውር ነው፤ እዚህ ሲመጣ ግን ፍቅር ሆነ። «ይቺ ወፍ ስታሳሳ!» ካልሽ ወፏንም ራስሽንም በአንድ ቃል ገለጽሽ።

አንድ ጥንቃቄ። «ማሳሳት» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ቃል ነው። አንዱ ከሳሳ የመጣ፣ ሌላው ከተሳሳተ። ጽሑፍ ላይ ምንም አይለያዩም። ግሱን ስታረቢው ግን ይለያሉ፦ ወፏ ታሳሳለች፣ ካርታው ያሳስታል። ስለዚህ በጽሑፍ ላይ የተረባውን ግስ መጠቀም ይሻላል።

ጥያቄ፦
እናቴ ጫጩት ባየች ቁጥር «ሲያሳዝኑ!» ትላለች። ልጆቼ ደንግጠው «ምን ሆኑ?» ይላሉ። ጫጩቶቹ ምንም አልሆኑም። ይሄ አነጋገር ስህተት ነው እንዴ?

መልስ፦
በፍጹም። እናትዎ ልክ ናቸው። በዚህ አገባቡ «ያሳዝናል» ሐዘን አይደለም፤ ርኅራኄ ነው። እኛ ብቻም አይደለንም። ጃፓኖች «ካዋይ» የሚሉት ቃል ዛሬ ትርጉሙ ይኸው ኪዩት የምንለው ነው። ድሮ ግን «የሚያሳዝን፣ የሚያራራ» ማለት ነበር። ዛሬም «ካዋይሶ» ካሉ «ምስኪን» ማለታቸው ነው። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ ቦታ ደረሱ!

ምክንያቱ ከዓይናችን ይጀምራል ብዬ አምናለሁ። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባለው ኦስትሪያዊ የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ይህን ጽፎበታል። ትልቅ ጭንቅላት፣ ወጣ ያለ ግንባር፣ ትልልቅ ዓይን፣ ሞላ ያለ ጉንጭ፣ አጫጭር እጅና እግር። እነዚህ የሕፃን መልኮች ናቸው፤ ስናያቸው «ጠብቀኝ» የሚል ጥሪ ይሰማናል። እንስሳው አዋቂ ቢሆንም ጥሪው አይቀርም። እናትዎ «ሲያሳዝኑ» ሲሉ ለዚያ ጥሪ መልስ እየሰጡ ነው።

መልስ፦
«አንጀት ይበላል» የሚለውስ ለምን ተረሳ? እኔ ከያሳሳል እለየዋለሁ። የሚያሳሳ ነገር ደህና ነው፤ አንጀት የሚበላ ነገር ግን ውስጡ ችግር አለ። ስሎው ሎሪስን ውሰዱ። በደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካዎች የሚኖር፣ ዓይኑ ፊቱን የሞላ እንስሳ ነው። ሰው ሲኮረኩረው እጁን ወደ ላይ የሚያነሳባቸው ቪዲዮዎች አሉ። ተመልካቹ ደስ ያለው ይመስለዋል። እሱ ግን ራሱን ሊከላከል ነው። ክንዱ ላይ ያለውን እጢ ፈሳሽ ከምራቁ ጋር ሲቀላቅለው መርዝ ይሆንለታል። እነዚህን እንስሳት በአገሮች መካከል መነገድ ከ2007 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተከለከለ ነው። ይህን ካወቅኩ በኋላ ቪዲዮውን ሳይ «ሲያሳሳ» ማለት አልቻልኩም። አንጀቴን በላው።

መልስ፦
ጾታውንም አትርሱት። በተረት አያ ጅቦ ወንድ ነው፣ ጦጣ ግን እመት ጦጢት ናት። ትንሽና የሚወደድ ነገር በአማርኛ ሴት ይሆናል። «ይቺን አይጥ እያት» ስንል ጾታዋን አይተን አይደለም። ጠያቂዋም ገና ከመጀመሪያው «አንዲት ወፍ» ብላ ነው የጀመረችው። ግማሹን መልስ ሳታውቀው ይዛ መጥታለች።

ሽኮኮንም ልጨምር። ድቡልቡል፣ ጅራቱ የማይታይ፣ ጆሮው አጭር። የቅርብ ዘመዱ አይጥ እንዳይመስላችሁ፤ ዝሆን ነው! ግልገሎቹ እናታቸው ጀርባ ላይ ይወጣሉ። ልጅ ትከሻ ላይ ሲወጣ «እሽኮኮ» እንላለን። ይህን ቃል በሰማሁ ቁጥር እነዚያ ግልገሎች ትዝ ይሉኛል።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶውን እንደገና ላኩላት። ከሥሩ «ይቺ ድቡልቡል፣ ስታሳሳ!» ብዬ ጻፍኩበት። እህቴ በአንድ ቃል መለሰችልኝ፦ «ልብላት!»