የሠራሁት የሰውነት ቅባት ቀለጠብኝ፤ ለነገ ይደርስልኝ ይሆን?

ጠያቂ (ሳቢያን)፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ለእህቴ ሚዜዎች በስጦታ የሚሰጥ የሰውነት ቅባት ሠርቼ ነበር። ሌሊት ረግቶ አደረ፤ አሁን ክዳኑን ስከፍት ከላይ ዘይት ተንሳፍፏል፣ ከታች እንደ ቅንጬ የሚጎረብጥ ነገር ተቀምጧል። ሠርጉ ነገ ነው።

የከፊራዋ፦ ፍሪጅ ውስጥ አስገቢው፤ ይረጋል።

ሐረር ጀጎል፦ በዚህ ሙቀት ድሬ ላይ ቅባት ማን ይቀባል? ይልቅ ሙሽራዋንም ቅባቱንም ይዛችሁ ወደ እኛ ውጡ፤ ሁለቱም ሳይቀልጡ ያድራሉ።

እናት (ገንደ ቆሬ)፦ ልጄ፣ ሙቀት ቆዳን አያለሰልስም፤ የድሬ ነፋስና አቧራ ያደርቀዋል። እኛ ስንዳር ገላችንን በሰሊጥ ዘይት ነበር የምንታሸው። ደግሞ አደራ፣ ለሽታ ብለሽ ሎሚ እንዳትጨምሪበት። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል፤ ጠባሳውም ቶሎ አይለቅም።

ቅባት ሠሪ (ለገሃሬ)፦ ምን ምን ገባበት? እሱን ሳትነግሪን መፍትሔ የለም።

ጠያቂ፦ ሺአ ቅቤ (ከሺአ ዛፍ ፍሬ የሚወጣው ስብ)፣ የኮኮናት ዘይት፣ ጥቂት የጉሎ ዘይት። ቅባቱን ከገለበጥኩባቸው ዕቃዎች በስድስቱ ላይ ደግሞ ከጓሮ የቆረጥኩትን እሬት ጨምሬአለሁ።

የምሥራቅ ልጅ፦ ፍሪጅ!

ቅባት ሠሪ፦ ፍሪጅ ያረጋዋል፤ ሚዜዎቹ ቦርሳቸው ውስጥ ሲከቱት ግን ተመልሶ ይቀልጣል። የኮኮናት ዘይት 24 ዲግሪ ላይ ይፈሳል፤ ሺአም ከ30 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል ይለሰልሳል። የሚጎረብጠው ሺአው ቀስ ብሎ በመቀዝቀዙ ነው፤ አልተበላሸም።

እሬት የገባባቸውን ግን ለሰው አትስጪ። እሬት ውኃ ነው፤ ከመበላሸት የሚጠብቅ ነገር ባልገባበት ቅባት ውስጥ ባክቴሪያና ሻጋታ ያበቅላል፤ ዓይንሽ ላያየውም ይችላል። የቀሩትን የፈላ ውኃ ባለው ድስት ላይ በጎድጓዳ ሳህን አቅልጪ። ለእያንዳንዱ 100 ግራም 10 ግራም ያህል የንብ ሰም ጨምሪ። ሰም ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚቀልጥ ታገሺ፤ እሳቱ ላይ በቀጥታ አታድርጊው። ከዚያ ሳህኑን በረዶ ባለው ውኃ ላይ አስቀምጠሽ እያማሰልሽ ፈጥነሽ አቀዝቅዢ፤ መወፈር ሲጀምር በደረቀ ዕቃ ገልብጪ። ከመገልበጥሽ በፊት አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ማንኪያ ላይ ሞክሪ፤ ሲቀዘቅዝ ከለሰለሰብሽ ሰም ጨምሪ።

የምሥራቅ ልጅ፦ ሰም ከጠፋ ጧፍ አይሆንም?

እናት (ገንደ ቆሬ)፦ ጧፍ ለቤተ ክርስቲያን ነው የኔ ልጅ! ክርም አለበት።

ቅባት ሠሪ፦ የሱቅ ሻማም አይሆንም፤ አብዛኛው ፓራፊን ነው። ማር ነጋዴዎችን ጠይቁ፤ የተጣራ፣ የማር ሽታ ያለው ሰም ይሁን።

ሐረር ጀጎል፦ ቀልዱን ትቼ ልጠይቅ፤ እኔ ያለኝ የሰሊጥ ዘይት ብቻ ነው። በሰም ይረጋል?

ቅባት ሠሪ፦ ይረጋል። ዘይቱ ራሱ ፈሳሽ ስለሆነ ግን ለ80 ግራም ዘይት 20 ግራም ሰም ያስፈልግሃል። ለከንፈርና ለተረከዝ ጥሩ ነው፤ ለመላ ሰውነት ይከብዳል።

የከፊራዋ፦ ጠያቂዋ፣ ሰም አገኘሽ? እኔ ጋ ጥቂት አለ፤ ሳይመሽ ላኪና ውሰጂ።