«ኖይሰም» ጫጫታ ማለት ነው እንዴ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ውስጥ አፓርታማ ተከራይቼ ነው የምኖረው። ባለፈው ሳምንት ከሕንፃው አስተዳደር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ጎረቤት ከሶሻል፤ ከቤትሽ «ኖይሰም» ነገር ይወጣል ይላል። እኔ «ኖይዝ»፣ ጫጫታ መስሎኝ ልጆቹን በካልሲ ብቻ አስኬድኩ፣ ሳሎን ላይ ምንጣፍ ደረብኩ። ዛሬ ደግሞ ሁለተኛ ደብዳቤ! ቃሉ ምንድን ነው? ምንስ ላድርግ?

ተርጓሚው፦
እህቴ፣ ልጆቹን ልቀቂያቸው! ከጫጫታ ጋር አይገናኝም። ዛሬ በአብዛኛው የሚከረፋ፣ አፍንጫ የሚያሲዝ ማለት ነው። የመጣው ማስቸገር፣ ማናደድ ከሚለው «አኖይ» ነው። ራሱ ተቆርጦ «ኖይ» ቀረ፣ ከኋላ «ሰም» ተቀጠለለት። ሥሩ የላቲኑ «ኢን ኦዲዮ» ነው፤ በጥላቻ እንደማለት። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ መዝሙር 91 ላይ ቸነፈሩን «ኖይሰም» ይለዋል። እዚያ ግን ጎጂ፣ አጥፊ ለማለት ነው።

ቃል ወዳድ፦
ዛሬ መግማት ማለት የሆነው «ስቲንክ»ም ጉድ አለው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለመልካም መዓዛም ያገለግል ነበር። አበባም «ስቲንክ» ያደርግ ነበር ማለት ነው። ግን እኛስ? «ሽቶ» ከ«ሸተተ» አይደል የወጣው? መጥፎውን ለይተን ስንናገር ነው ገማ፣ ከረፋ፣ ጠነባ የምንለው። ደብዳቤሽ ላይ ያለው ቃል ለ«ከረፋ» ይቀርባል። ቆጣ ብለዋል።

እትዬ፦
የኔ እናት፣ በዚያ ሰሞን ምን ሠርተሽ ነበር?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ቅቤ አነጠርኩ። ሦስት ኪሎ። በኮሰረት።

እትዬ፦
ተገኘ! ለኛ ጠረኑ ምግብ ነው፣ ለማያውቀው ሰው ግን ገና ኮሪደሩ ላይ ይቀበለዋል። ስታነጥሪ መስኮት ክፈቺ፣ የውጭ በርሽ ሥር ፎጣ አድርጊ። ከምድጃው በላይ ያለውን ፋን ደግሞ እዪው። በብዙ አፓርታማ አየሩን ወደ ውጭ አያወጣም፤ በማጣሪያ አሳልፎ እዚያው ቤት ውስጥ ይመልሰዋል። የከሰል ማጣሪያ ካለው በየጊዜው ይቀየራል።

ተርጓሚው፦
ለደብዳቤውም በጽሑፍ መልሺ። የትኛው ሽታ፣ በየትኛው ቀን ብለሽ ጠይቂ። ኮፒውን አስቀሪ። ስለ ጫጫታ ግን አንድም ቃል እንዳታነሺ፤ ያልከሰሱሽን ታምኛለሽ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ፋኑን ከፍቼ እጄን ከላዩ አስጠጋሁት። ትኩስ አየሩን ፊቴ ላይ ነው የሚተፋው።