33ቱንም ፊደል የያዘ የአማርኛ አረፍተ ነገር አለ እንዴ?

ፎንት ወዳዱ፦
ሰላም ሰዎች፣ ፎንት ስሞክር ሁሌ ያቺ የእንግሊዝኛዋ ቡናማ ቀበሮ ሰነፉን ውሻ የምትዘልበት አረፍተ ነገር ናት የምትመጣብኝ፣ 26ቱም ፊደል ስላለባት ነው። ራሽያኖቹም እነዚህን ለስላሳ የፈረንሳይ ዳቦዎች ብላ፣ ሻይም ጠጣ የሚል ነገር አላቸው። እኔ ለአማርኛ ሀለሐመ እያልኩ ከመደርደር ሌላ ምንም የለኝም፣ ትርጉም ያለው ነገር የሚያውቅ አለ? ከሌለም እንሥራ በቃ

ቁልፍ መቺ፦
ቀበሮዋ እኮ ከፎንት በፊትም ነበረች፣ ታይፕራይተር መሞከሪያ ነበረች፣ ዋሽንግተንና ሞስኮ እ.ኤ.አ. በ1963 ቀጥታ መስመር ሲዘረጉም ከአሜሪካ በኩል መጀመሪያ የተላከችው እሷው ናት፣ ቁጥሮች ተጨምረውባት። የኒውክሌር ጦርነት እንዳይነሳ የተዘረጋ መስመር በቀበሮ ሲሟሽ አስቡት ሃሃ

ለኛ ይቺን ሞክሬያለሁ፦ ጳጳሱ ኀዘንተኛውን ጸሐፊ በፀሐይ ዥረት ዳር አጫውተው ለሁለቱ ልጆቹ ዐሥር ቀይ ፖም ከሻጭ ገዝተው ሰጡት።

ቆጣሪው፦
አንድ በአንድ ቆጠርኩት፣ 32 ነው። ኸ የለም! በፀሐይ ያልከውን "በመኸር ፀሐይ" አድርገው፣ ይሞላል። (ቨን ከጨመርክ 34 ስለሚሆን ጳጳሱ ቫዮሊን ይዘው መምጣት አለባቸው)

ግን የኛ ጣጣው ሌላ ነው። ዥረትን ጅረት ብሎ የሚጽፍ ሰው ከነካው ዠ ወጣ፣ ኀዘንን በሐ ከጻፈው ኀ ወጣ፣ ዐሥርን አስር ካለው ደግሞ ሁለት ፊደል ባንዴ ጠፋ፣ እና አንባቢው ስህተት መሆኑን እንኳን አያውቅም ምክንያቱም ድምፁ ያው ነው

ግራፊክስ ሠሪ፦
ቆንጆ ናት ግን ፎንት አትሞክርም። 33 ቤቱ ነው እንጂ ቅርጹ 231 ነው፣ ረ አምሮበት ሮ ሲበላሽ ስንቴ አይቻለሁ። የኛ ጉዳይ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ወደ ጃፓኖቹ ይጠጋል፣ ኢሮሃ የሚባል ጥንታዊ ግጥም አላቸው፣ 47ቱ ምልክት እያንዳንዱ አንዴ ብቻ ገብቶ ስለ ዓለም አላፊነት የሚያወራ፣ እንደኛ ሀሁ ተራ ማስያዣም አድርገውት ኖረዋል። የጃቫዎቹ (የኢንዶኔዥያ ደሴት ሰዎች) ደሞ ይብሳል፣ 20 ፊደላቸው በተራ ሲነበብ ራሱ ታሪክ ነው፣ ሁለት መልእክተኞች ተጣልተው ኃይላቸው እኩል ሆኖ ሁለቱም ሲሞቱ። እነሱ ግን 47ና 20 ነው ያላቸው፣ እኛ 231 ይዘን ምን ልንል ነው? የዠን ሰባት ብቻ በቃል ሙሉልኝ እስቲ

ፎንት ወዳዱ፦
ተንዠረገገ፣ ያዡ፣ ገዢ፣ ዣንጥላ፣ ይዤ፣ ዥረት፣ ያዦች። ሞላ! 😄

አሁን ጰ ላይ ገብቼ ጰራቅሊጦስ ብዬ ጀምሬ ጱ ላይ ተቸንክሬያለሁ፣ ሌላው ሁሉ አለ፣ ጲላጦስ ጳጳስ ጴጥሮስ ኢትዮጵያ ቆጶስ። ጱ ያለው ሰው ይወርውርልኝ

ቆጣሪው፦
ኤጲስ ቆጶስ ውስጥ ሁለቱ ባንዴ አሉልህ፣ ጲላጦስን አሳርፈው። ጱን እኔም እየፈለግኩ ነው