የፍንዳታ መተንፈሻውን ወዴት ላዙረው?

ሰላም ወገኖቼ። ደብረ ማርቆስ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነኝ። ማድረቂያችን በቡታጋዝ ነው የሚሠራው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት የጋዝ ክፍሉን ስከፍት ሽታው አፈነኝ። ቱቦው ሌሊቱን ሲያፈስ አድሯል። መብራት ሳልነካ በሩን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ቱቦው ተቀይሯል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ከወለሉ አጠገብ የአየር ቀዳዳም ከፍቻለሁ። አለቃዬ «ሲሊንደሩ ሴፍቲ ቫልቭ አለው፣ በቂ ነው» ይላል። እኔ አልተዋጠልኝም። ቫልቩ የሚያስተነፍሰው ሲሊንደሩን ነው እንጂ ክፍሉን አይደለም። ክፍሉ ውስጥ የተጠራቀመ ጋዝ ሲቀጣጠል ግፊቱ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያሻቅባል። በተዘጋ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ 8 ባር ገደማ ይደርሳል። ተራ የብሎኬት ግድግዳ ደግሞ 0.1 ባር እንኳ አይችልም። ስለዚህ የፍንዳታ መተንፈሻ ማለትም ከግድግዳው ቀድሞ ተከፍቶ ግፊቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ቀላል ፓኔል ያስፈልጋል።

የቸገረኝ እዚህ ላይ ነው። ወደ ውጭ የሚያየው ግድግዳ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሠራተኛ የሚተላለፍበት መንገድ ላይ። ፓኔሉ ሲከፈት እሳቱ የሚወጣው በዚያው ነው። በረጅም ቱቦ ወደ ላይ ልውሰደው ብል፣ ቱቦው የክፍሉን ግፊት ይጨምረዋል። የኮንክሪት ጣሪያውን አፍርሼ በቀላል ቆርቆሮ ልተካው? ወይስ ሲሊንደሮቹን ጭራሽ ውጭ ላድርጋቸው?

ደግሞ ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው። የመተንፈሻውን ስፋት ሳሰላ ይህን እንዴት ላስገባው? በኤንኤፍፒኤ 68 (የፍንዳታ መተንፈሻን በሚመለከተው የአሜሪካ መስፈርት) የሠራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ።