ክርክር፦ የግል ተበዳይ ቅጣት ከመወሰኑ በፊት ችሎት ፊት ይናገር ወይስ አይናገር?

የብሎክ 31 ነዋሪ፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ሰላም ጎረቤቶች። ባለፈው እሁድ በግቢው ስብሰባ ጀምረነው ሳንጨርስ የተበተንበትን ነገር እዚህ እንጨርሰው። ጥያቄው ይኼ ነው፤ ተከሳሽ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት፣ የተጎዳው ሰው ወይም የሟች ቤተሰብ ወንጀሉ ኑሮውን ምን እንዳደረገው ጽፎ ችሎት ፊት እንዲያነብ ይፈቀድለት? እኔ ይፈቀድ ባይ ነኝ።

ታላቅ ወንድሜን ገረጋንቲ የጫነ ሲኖትራክ አስፋልት ዳር ገጭቶ ገደለው። የቅጣት ቀጠሮ ቀን ከእናቴ ጋር የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ዳኛው ዐቃቤ ሕጉን የቅጣት ማክበጃ አለህ ወይ ብለው ጠየቁት፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ተቀመጠ። ከዚያ ጠበቃው ተነሣ። ደንበኛዬ የ3 ልጆች አባት ነው፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ የወንጀል ሪከርድ የለበትም፣ ስኳር አለበት አለ። የሆስፒታል ወረቀትም አያያዘ። ሁሉም እውነት ነበር፣ አላጣጥለውም። ግን ወንድሜም የ2 ልጆች አባት ነበር፤ ይህን በዚያ ክፍል ውስጥ አንድም ሰው አላነሣውም። እናቴ እጇን ብታወጣ ችሎት አስከባሪው "እማማ፣ ይቀመጡ" አላት። እናቴ እስከ ዛሬ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት በር አትቆልፍም፤ ከሥራ የሚገባው በ2 ሰዓት ነበር። ልትነግራቸው የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ጡረታ የወጡ ጠበቃ፣ አቃቂ፦
ነፍስ ይማር ልጄ፣ እናትህንም ያጽናልን። ቢሆንም እቃወማለሁ። በድሮው ዘመን የሟች ወገን ገዳዩን ተረክቦ ወይ ይገድለዋል ወይ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይምረዋል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ በቁራኛ ይሄዱ ነበር። መንግሥት ክሱን ከዘመድ እጅ ሲወስድ ደም መመላለሱ ከአባት ወደ ልጅ እንዳያልፍ ነው። በ1954 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149ን አንብቡት፤ ስለ ቅጣት የሚጠየቀው ዐቃቤ ሕግ ነው፣ መልስ የሚሰጠው ተከሳሽ ነው። የግል ተበዳይ በዚያ ቦታ የለም፤ ተረስቶ ግን አይመስለኝም።

ደግሞም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ያወጣው፣ በ2006 ያሻሻለው፣ ለተመሳሳይ ጥፋት በየችሎቱ የተራራቀ ቅጣት እንዳይሰጥ ነው። ወንጀሉ እርከን ይወጣለታል፣ ማክበጃና ማቅለያው ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። አሁን እንበልና አንዱ ሟች እንዳንተ አንደበተ ርቱዕ ወንድም አለው። ሌላው ከገጠር መጥቶ በቀን ሥራ ሲኖር የሞተ፣ አልቃሽ እንኳ ያጣ ነው። የአንደኛው ገዳይ 4 ዓመት፣ የሁለተኛው 2 ዓመት ይታሰር?

የከባድ መኪና ሹፌር፦
እኔ 14 ዓመት ነድቻለሁ፣ ሰው ገጭቼ አላውቅም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጓደኛዬ ግን ገጭቷል። ሽማግሌ ላከ፣ ካሳ ከፈለ፣ የእርቅ ሰነዱ ተፈርሞ መዝገቡ ውስጥ ገባ፣ ቅጣቱም ቀለለለት። የሟች ሚስት ሽማግሌዎቹ ፊት "ልጄ አባቷ ሲያበጥርላት የነበረውን ፀጉር ማንም እንዲነካባት አትፈልግም" ያለችውን እስካሁን ይነግረኛል። ችሎት የተባለውን ግን አንዱንም አያስታውስም። እኔ ሹፌር ሆኜ እላችኋለሁ፣ ይናገሩ።

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አያችሁ? ይቅርታችን ተፈርሞ መዝገብ ውስጥ ይገባል፣ ማቅለያ ይሆናል። ሐዘናችን ግን መግቢያ በር የለውም። ተበዳይ የሚፈለገው ሲምር ብቻ ነው ማለት ነው? ጋሼ፣ አንደበተ ርቱዕ ስላሉት፣ ጎበዝ ጠበቃ የገዛና ጠበቃ ያጣ ተከሳሽም እኮ እኩል አይደሉም። በዚህ ሰበብ ማቅለያ ይቅር ያለ ሰው የለም።

የብሎክ 8 ነዋሪ፦
ካሳ እዚያው መዝገብ ላይ መጠየቅ ይቻላል አይደል? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል። እሱ አይበቃም?

የብሎክ 31 ነዋሪ፦
ካሳው ብር ነው። እኔ የማወራው ስለ እናቴ በር ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ጀሞ፦
ከተጎጂዎች ጋር ስለምሠራ ትንሽ ልጨምር። ይህ አሠራር በሌላ አገር አዲስ አይደለም። አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ፍሬዝኖ ውስጥ አንድ የአመክሮ ኃላፊ እ.ኤ.አ. በ1976 ጀመረው፤ እንግሊዝ በ2001 ተቀበለችው። እንግሊዞቹ አንድ ጥሩ ደንብ አላቸው፤ ተጎጂው ስለ ጉዳቱ ይናገራል፣ ስንት ዓመት ይታሰር ብሎ ቢናገር ግን ዳኛው ያንን ክፍል አይቆጥረውም። ጋሼ የሚፈሩትን ቢያንስ በከፊል ይመልሳል።

ሰዎች ሲጽፉ የሚስቱትም አለ። ወንጀሉን እንደገና መተረክ ይጀምራሉ፤ እሱን ምስክሮች ጨርሰውታል። መጻፍ ያለበት ከዚያ ቀን ወዲህ የሆነው ነው፤ እንቅልፉ፣ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት፣ ለሕክምና የወጣው። "ሕይወቴ ተበላሸ" ከሚለው ይልቅ "በር አትቆልፍም" የሚለው ይበልጣል። ስድብ ከገባበት ደግሞ የሚሰማው ስድቡ ብቻ ነው። ድምፁ የሚከዳው ሰው ካለ ሌላ ያንብብለት። ሁሉም ሰው ይጻፍ ማለቴ ግን አይደለም፤ መጻፉ ቁስሉን የሚያመረቅዝበት አለ፣ እሱን ማስገደድ ሌላ በደል ነው።

ጡረታ የወጡ ጠበቃ፦
እዚያው አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞት ቅጣት በሚያስወስኑ መዝገቦች ላይ ይህን ከለከለ፣ በ1991 ደግሞ የራሱን ውሳኔ ሻረ። የቆየው 4 ዓመት ብቻ ነው። እነሱም የተቸገሩበት ነገር ነው ልጆቼ። ከተፈቀደ ሁለት ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ ጥፋተኛነት ከመወሰኑ በፊት አንዲት ቃል እንዳትሰማ፣ ተከሳሹም ጽሑፉ ቀድሞ ደርሶት ሐሰት ካለበት እንዲቃወም።

የአንዲት ልጅ እናት፣ ቱሉ ዲምቱ፦
ስታነቡ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። የ16 ዓመት ልጄ ጥቃት ደርሶባታል። የመሰከረችው በሌላ ክፍል ሆና በካሜራ ነው፤ ሰውየውን ሳታየው በመመስከሯ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ። የጠየቋት ግን ምን እንዳደረጋት ብቻ ነው። አቋራጩን ትታ በዋናው መንገድ ዞራ ትምህርት ቤት ስትሄድ 40 ደቂቃ ይፈጅባታል፣ በክረምት ጭቃውን ታውቁታላችሁ። ይህን ማንም አልጠየቃትም። ራሷ ከደብተሯ ገጽ ገንጥላ ጻፈችው። ሰውየው ጥፋተኛ ተብሏል፣ የቅጣት ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ቤተሰቡ ከእኛ ሁለት ብሎክ ወዲያ ነው የሚኖሩት፣ እፈራለሁ። ጋሼ፣ እርስዎ ይቃወማሉ፣ ግን ሕጉን ያውቁታል። ለዐቃቤ ሕጉ ልስጠው ወይስ ይቅር?

ጡረታ የወጡ ጠበቃ፦
እህቴ፣ ስጪው። የሚጠየቀው ዐቃቤ ሕጉ ስለሆነ በማክበጃው ውስጥ አድርጎ እሱ ያቅርበው፤ ልጅቷ እዚያ መቆም የለባትም። ችሎቱ በዝግ እንዲሆን እንዲያመለክትም ንገሪው። የምትሄድበትን መንገድ ስም ከጽሑፉ አውጡት፣ ደቂቃው ይበቃል። ስንት ዓመት ይፈረድበት የሚል መስመር ካለ እሱንም አውጡት። በራሷ እጅ የጻፈችውን አንቺ ጋ አስቀሪ፣ ኮፒውን ስጪው። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ ይዘሽው አቃቂ ብትመጪ አብረን እናየዋለን።