ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ሆነብኝ

ሰላም። አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የዛሬ ሦስት ዓመት ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች አንድ ሐምራዊ ቡገንቪሊያ ገዝቼ አጥር ሥር ተከልኩ። ያኔ ጉልበቴ ጋ ነበር፤ አሁን አጥሩን አልፎ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። እሾሁ አይጣል ነው።

ስገዛው አበባው እጅብ ብሎ ነበር። (ባለቀለሙ እንኳ ቅጠል ነው፤ እውነተኛዋ አበባ መሃል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።) ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አረንጓዴ ብቻ ነው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያገኛል። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ ማታ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ አጠጣዋለሁ። አላበበም ብዬ የከብት ፍግ ጨመርኩ፣ ዩሪያም በተንኩ። ይባስ ብሎ ቅርንጫፉ በየሳምንቱ ይመዘዝ ጀመር። ኅዳር ላይ ጫፍ ጫፉን ከረከምኩት፤ ከቆረጥኩበት ሁሉ ቅጠል አቆጠቆጠ።

የሚያናድደኝ የጎረቤቴ ነው። ዞር ብሎ የሚያየው የለም፣ ውሃም አይጠጣም፣ ግን እሳት መስሏል።

ፍጉንና ዩሪያውን ትቻለሁ። አሁን ጥር ነው። ውሃውንም አቁሜ አፈሩ እስኪደርቅ ልተወው፣ ወይስ መጀመሪያ በደንብ ከርክሜው ነው ማስጠማት ያለብኝ?